«ጀሩሳሌም» በጾም ማዕድ ቤት፦ የኦቶሌንጊና የታሚሚ መጽሐፍ ሲመዘን

ዮታም ኦቶሌንጊና ሳሚ ታሚሚ «ጀሩሳሌም» የተባለውን የምግብ መጽሐፍ ለንደን ላይ ያሳተሙት በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 120 ያህል አዘገጃጀቶች አሉት፤ በ2013 አሜሪካ ውስጥ የጄምስ ቢርድን ሽልማት በዓለም አቀፍ ምግብ ዘርፍ ወስዷል። ስለ ዝናው ብዙ ተብሏል። ለአማርኛ አንባቢ የሚበጀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለለንደን ማዕድ ቤት የተጻፈ አዘገጃጀት አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ከገበያ በተገዛ ሽምብራና ምስር ሲሠራ የተባለውን ይሰጣል ወይ? በአብዛኛው ይሰጣል። ለዐቢይ ጾምና ለፍልሰታ ደግሞ እጅግ ይጠቅማል። የሚከሽፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውን ያወቀ ሰው በቀላሉ ያስተካክላቸዋል።

ኦቶሌንጊ ወደ ምግብ የመጣው በጋዜጣ በኩል ነው። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ እያጠና በ«ሃአሬጽ» ጋዜጣ የዜና ክፍል ሠርቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለንደን ገብቶ በለ ኮርዶን ብሉ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም በሬስቶራንቶችና በዳቦ ቤቶች የኬክና የጣፋጭ ባለሙያ ሆነ። ከታሚሚ ጋር የተዋወቁት በ1999 ቤከር ኤንድ ስፓይስ በሚባል የለንደን ዳቦ ቤት ነው። ሁለቱም በ1968 ኢየሩሳሌም ተወልደዋል፤ አንዱ በምዕራቡ የአይሁድ ወገን፣ ሌላው በምሥራቁ የሙስሊም ወገን አደጉ፤ በአንድ ከተማ ኖረው ሳይተያዩ በሰው አገር ተገናኙ። በ2002 ኖቲንግ ሂል ላይ የመጀመሪያውን የምግብ መሸጫ ከፈቱ። በ2006 ኦቶሌንጊ በ«ጋርዲያን» የቅዳሜ መጽሔት ስለ አትክልት ምግብ ሳምንታዊ ዓምድ ያዘ፤ ሥጋ የሚበላ ሰው እንዴት የአትክልት ዓምድ ይጽፋል ብለው የተቆጡ አንባቢዎችም ነበሩ። ከዚያ በ2008 የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ2010 «ፕሌንቲ»፣ በ2011 ኖፒ የተባለው ሬስቶራንት ተከታተሉ።

የእነዚህ ሥራዎች አሻራ በመጽሐፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኬክ ሥራ የመጣው ሚዛን ነው። ሽንኩርት «4 መካከለኛ» ተብሎ አይታለፍም፤ አጠገቡ 700 ግራም ይላል። የኛ ሽንኩርት የለንደኑን ግማሽ የሚያህልበት ጊዜ አለና ይህቺ ቁጥር ባትኖር ምግቡ ሌላ ይሆን ነበር። ከምግብ መሸጫው የመጣው ደግሞ ሳይሞቅ የሚበላ ምግብ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ለሰዓታት የሚቆይ ምግብ ጣዕሙ እንዳይጠፋ ሎሚ፣ ቅጠላ ቅጠልና ጨው ጠንከር ይልበታል፤ ለጾም ምሳ ቤት ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ከዓምዱ የመጣው ጥንቃቄ ነው፤ በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው አንዲት ማንኪያ ቢስት አንባቢ ወዲያው ይነግረዋል። የኦቶሌንጊ ቡድን አዘገጃጀቶቹን በለንደን የሙከራ ማዕድ ቤት ከሠራ በኋላ፣ ዌልስ ውስጥ ባለ ተራ የመኖሪያ ቤት ምድጃ ላይ እንደገና የማስሞከር ልማድም አለው። ባለሙያ የሠራው ነገር በቤት እሳት የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ወደ ምግቡ እንግባ። የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ ሁሙስ ነው፤ ሽምብራ ከጣሂኒ (ከተፈጨ ሰሊጥ) ጋር ልሞ የሚሠራ ማባያ። መጠኑ 250 ግራም ደረቅ ሽምብራ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1.5 ሊትር ውሃ፣ 270 ግራም ጣሂኒ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ሚሊ ሊትር በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው። ሽምብራው ተዘፍዝፎ ያድራል። ሲነጋ ውሃው ይደፋና ሽምብራው ከሶዳው ጋር ብቻ እሳት ላይ 3 ደቂቃ ያህል ይማሰላል፤ ውሃው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህቺ 3 ደቂቃ የምትዘለል አይደለችም። ሶዳው ገለባውን ሲነካው የሽምብራውን ሕዋስ አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን ያላላዋል፤ ገለባው ሲፈላ ራሱ ተላቆ ይንሳፈፋልና ከአረፋው ጋር በጭልፋ ይገፈፋል። በእጅ መላጥ ቀረ ማለት ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ በሶዳ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር ሲገባ። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለ ሶዳው እርስ በርሱ ተጣፍቶ ያልቃል፤ ሽምብራው እንደ ጠነከረ ይቀራል። ማሸጊያው የጠፋበት ዱቄት ካለ ቁንጥር አድርጎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መጣል ነው፦ ፓውደር ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ሶዳ ከሆነ ዝም ይልና ሎሚ ሲጨመርበት ነው የሚገነፍለው። ሶዳውን ማብዛትም አያዋጣም፤ ሁሙሱ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ሁለተኛው ችግር ከፍታ ነው። መጽሐፉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይበስላል ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ይህ ሰዓት አይሠራም፤ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ሰዓቱን ትቶ በጣት መፈተን ይሻላል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጫኑት ያለ ምንም ትግል መላም አለበት። መሀሉ ትንሽ ከጠነከረ የትኛውም መፍጫ አያልመውም፤ አሸዋ አሸዋ የሚል ሁሙስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው መጀመሪያ ክዳኑን ሳይዘጋ አፍልቶ አረፋውን ይግፈፍ፤ ከዚያ ይዝጋ። ከሶዳ ጋር የሚፈላ ሽምብራ አረፋው ይበዛል፤ ማብሰያው ከግማሽ በላይ ከሞላ የእንፋሎት ቀዳዳው በገለባ ይደፈናልና አደገኛ ነው። ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ሎሚና ጨው ደግሞ እስኪበስል አይግባ፤ አሲድ ፔክቲኑን መልሶ ያጠነክረዋል።

የሽምብራው ዓይነትም አለ። አዘገጃጀቱ የተለካው በትልቁ ነጭ ሽምብራ ነው፤ የኛ ገበሬ አረርቲ የሚለውን ዝርያ ያገኘ ሰው ችግር የለበትም። ትንሹ ቡናማ ሽምብራ ግን ገለባው ወፍራም ነው፤ ለቆሎና ለሽሮ የታደለውን ያህል ለሁሙስ አይሆንም። ሌላ ከጠፋ ክኩን መጠቀም ነው፤ 4 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ሶዳውን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ ቶሎ ስለሚፈርስም አጠገቡ መቆም። ጣዕሙ ወደ ቡቲቻ ያደላል፤ ለጾም ገበታ ነውር አይደለም፤ ቃሪያ ከትፎ መጨመርም ያምርበታል።

ከዚያ ጣሂኒው። ለ250 ግራም ሽምብራ 270 ግራም ጣሂኒ ሲባል ብዙ ሰው የማተሚያ ስሕተት ይመስለዋል። ስሕተት የለበትም፤ ሁሙሱን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። በዋጋ ምክንያት ቢቀነስ እስከ 200 ግራም ይቻላል፤ ከዚያ በታች የሽምብራ ንፍሮ መፍጨት ይሆናል። የሚያስቆጨው ነገር በእስራኤልና በናብሉስ ያሉ የጣሂኒ ወፍጮዎች የሚመርጡት የኛኑ የሁመራ ሰሊጥ መሆኑ ነው፤ ሰሊጡ ጥሬውን ይወጣል፣ ጣሂኒው በብልቃጥ ሆኖ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ለመሥራት ነጭ ሰሊጥ ለቅሞ አዳር መዘፍዘፍ፣ በእጅ አሽቶ ገለባውን በውሃ ማንሳፈፍ፣ አድርቆ በለስላሳ እሳት ሽታው ብቻ እስኪወጣ ማመስ ያስፈልጋል። ቀለሙ ከተለወጠ አለፈ፤ ይመራል። ለተልባና ለሱፍ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ እነዚያ ጠንከር ያለ ማመስ ይወዳሉ፣ የጣሂኒ ሰሊጥ ግን አይችልም። ገለባው ሳይወጣ የተፈጨ ሰሊጥም መራራ ነው፤ በሎሚ አይሸፈንም።

አፈጫጨቱ ቅደም ተከተል አለው። ሽምብራው ብቻውን መጀመሪያ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን ይፈጫል፤ ቀጥሎ መፍጫው ሳይቆም ጣሂኒ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባሉ፤ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛው ውሃ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ 5 ደቂቃ ያህል ይመታል። ጣሂኒ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ይጠጥራል፤ ያኔ ደንግጦ ዘይት መጨመር አያስፈልግም፤ ውሃው ሲቀጥል ነጥቶ ይላላል። የጁስ ብሌንደር ብቻ ያለው ሰው ከ100 ሚሊ ሊትሩ ላይ ሩቡን ገና ከመጀመሪያው ይስጠው፤ አለዚያ ሽምብራው ምላጩ ሥር ተቀርቅሮ ሞተሩ ይግላል። 30 ደቂቃ ተሸፍኖ ሲያርፍ ይጠናል፤ በማግሥቱ ቢጠነክር አንድ ማንኪያ ውሃ ይፈታዋል።

ሁለተኛው ለጾም የሚመከረው መጀድራ ነው፤ ምስርና ሩዝ፣ ከላዩ ተጠብሶ የደረቀ ሽንኩርት። 250 ግራም ምስር፣ 200 ግራም ባስማቲ ሩዝ፣ 700 ግራም ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት፣ 350 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ ቅመሙ ከሙን 2 የሻይ ማንኪያ፣ ድንብላል ፍሬ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ፣ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቀረፋና ኦልስፓይስ እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 1። ምስሩ ለአዚፋ የምንቀቅለው ድፍን ምስር ነው። ክክ ከገባ ወጥ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፉ ምስሩን ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ቀቅሉ ይላል፤ ደጋ ላይ 20 እስከ 25 ይሁን፤ ጥርስ ላይ ትንሽ እንዲይዝ ተደርጎ ይጠለል፣ ቀሪውን ከሩዙ ጋር ይጨርሳል።

መጀድራ የሚወድቀውም የሚያልፈውም በሽንኩርቱ ነው። በቀጭኑ ተከትፎ በዱቄትና በጨው ይታሻል፤ ዱቄቱ የሽንኩርቱን ውሃ ስለሚመጠው እንዳይርስ ያደርጋል። ከታሸ በኋላ መቆየት የለበትም፤ ጨው ውሃ ያስወጣውና ሊጥ ይሆናል። ዘይቱ አንዲት ክር ሽንኩርት ሲጣልበት ወዲያው ማንጫጫት አለበት። በሦስት ዙር ይጠበስ፤ አንዴ ሙሉውን የጨመረ ሰው ዘይቱን አቀዝቅዞ ሽንኩርቱን ይቀቅለዋል። ለእያንዳንዱ ዙር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይባላል። የሀበሻ ሽንኩርት ውሃው አነስተኛ ስለሆነ ከዚያ ፈጥኖ ይቀላል፤ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፣ ከወጣ በኋላም ይጠቁራልና ጥቁር ቡኒ እስኪሆን ከጠበቁት ይመራል። በወረቀት ላይ ዘርግቶ ጨው መነስነስ ነው። የተረፈው ዘይት ተጠልሎ ይቀመጥ፤ ሽንኩርት ያደረበት ዘይት ለሽሮና ለምስር ወጥ እጅግ ጥሩ ነው። በዛሬ የዘይት ዋጋ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት ለአንድ ምግብ ብሎ የሚያዝዝ መጽሐፍ ይህን በግልጽ መጻፍ ነበረበት።

ከዚያ ያው ድስት ተጠርጎ ከሙኑና ድንብላሉ ደርቀው ይታመሳሉ፤ ሩዙ፣ ቅመሙና 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ገብተው ይማሰላሉ፤ ምስሩና ውሃው ይጨመራል፤ ሲፈላ ተከድኖ በጣም በለሰለሰ እሳት 15 ደቂቃ። እሳቱ ሲጠፋ ድስቱ አፍ ላይ ንጹሕ ፎጣ ተዘርግቶ ክዳኑ ይመለስና 10 ደቂቃ ያርፋል፤ ፎጣው ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን እንፋሎት ይይዛል፣ ሩዙ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ደጋ ላይ ውሃውን ወደ 420 ሚሊ ሊትር፣ ሰዓቱን ወደ 20 ደቂቃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የፎገራ ሩዝ አጠር ያለና ስታርቹ የበዛ ስለሆነ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ፤ ለእሱ ውሃው ከ350 ሚሊ ሊትር ባያልፍ ይሻላል። ኦልስፓይስ ከጠፋ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ ቦታውን ይይዛሉ።

ሌሎቹን ባጭሩ። በእሳት የተቃጠለው ደበርጃን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ፣ ከላዩ ሮማን ተበትኖ፣ በከሰል ምድጃ ከጋዝ ይበልጥ ያምራል፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪከስልና ውስጡ እስኪፈርስ መታገሥ፣ ከዚያ ማጥለያ ላይ አስቀምጦ መራራ ውሃውን ማንጠፍ ነው። ዙግ የሚሉት የየመን አረንጓዴ ማባያ ከዳጣ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሶብላና ጤና አዳም የለመደ ምላስ የነሱ ይቀልበታል፣ ቃሪያውን መጨመር ይችላል። ዛአታር (የመካከለኛው ምሥራቅ ቅመም ቅጠል) በሚል ቦታ ጦስኝ መግባት ይችላል፤ ሽታቸው ይቀራረባል፣ መጠኑ ግን ወደ ግማሽ ይውረድ። የኬኮቹን ክፍል ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ይቀንስ፣ ምድጃውን 10 ዲግሪ ይጨምር፤ አለዚያ ኬኩ ተነፍቶ መሀሉ ይሰምጣል።

ከመጽሐፉ ጉድለት የመጀመሪያው ለጾመኛ መለያ የሌለው መሆኑ ነው። የአትክልቱ ክፍል ውስጥ እንኳ እርጎና ፌታ አይብ ተሰግስገዋል፤ አንዳንዱ ላይ ሲወጡ ምንም አይጎድልም፣ አንዳንዱ ላይ ግን ምግቡ ራሱ እነሱ ናቸው፤ ሙሉውን ዝርዝር ሳያነቡ መገብየት ያሳስታል። ሁለተኛው የዝርዝሩ ርዝመት ነው። 12ና 15 ዓይነት ነገር ገዝቶ አንዱን ብቻ በቁንጥር መጠቀም ደሞዝተኛ ቤት አይችለውም። ኦቶሌንጊ ራሱ ይህን ቅሬታ ሰምቶ በ2018 «ሲምፕል» የሚለውን መጽሐፍ አሰናዳ፤ በ10 እና ከዚያ በታች በሆኑ ግብዓቶች የሚሠሩት አዘገጃጀቶች እዚያ ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ጀማሪ ከዚያ ቢነሣ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ጉድለት እኛን ይመለከታል። መግቢያው የከተማዋን ሕዝቦች ሲቆጥር ኢትዮጵያውያንን ያነሣል፤ ከማዕድ ቤታችን ግን አንድ ምግብ አልገባም። ዴር ሱልጣን በቅዱሱ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው፤ ደብረ ገነት የቆመበት መንገድ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል፤ በዘመቻ ሙሴና በ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ቤተ እስራኤልም እንጀራቸውን ይዘው ነው የገቡት። የኢየሩሳሌምን ምግብ እጽፋለሁ ያለ መጽሐፍ ቢያንስ አንድ የጾም በያይነቱ ገጽ ዕዳ ነበረበት። የታሚሚ ወገን ሲታይ ግን የፍልስጤም ምግብ በክብር ተጽፏል፤ እሱ ከታራ ዊግሊ ጋር በ2020 ያወጣው «ፋላስቲን» ደግሞ ያን ይበልጥ ያሰፋዋል። የጆናታን ላቭኪን የምግብ ፎቶዎችና የአዳም ሂንተን የከተማ ፎቶዎች ያጌጡ ብቻ ሳይሆኑ ይጠቅማሉ፤ የሽንኩርቱ ቀለም እስከ የት መድረስ እንዳለበት ከፎቶው ማየት ይቻላል።

ሲገዛ እትሙን መለየት ያስፈልጋል። የእንግሊዙ እትም በግራምና በሴልሺየስ ነው፤ አዲስ አበባና አውሮፓ ላለ ሰው እሱ ይስማማል። የአሜሪካው እትም ኩባያን ከግራም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ የምድጃውንም ሙቀት በፋራናይት ጭምር ይናገራል፤ ኩባያው በተለይ በሽንኩርትና በቅጠል ላይ ስለሚያሳስት እዚያም ሚዛን መጠቀም ይሻላል። ግራም የሚያሳይ ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን ከሌለ መጽሐፉን ከመግዛት በፊት እሱን መግዛት ነው።